ኳሳችን ወርዷል? ስለ ይድነቃቸው ተሰማ

ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚስማማበት አንድ ፍርድ አለ፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሞቷል። በተለይ ተከላካዩ። የድሮ ተከላካይ ግንብ ነበር፣ የዛሬው ወንፊት ነው ይባላል። ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ መጀመሪያ 1954ን ይጠሩለታል፣ ቀጥለው ይድነቃቸው ተሰማን ይጠሩለታል፣ ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል። በዚህ ሠፈር ብዙ ቡና ስለጠጣሁ ፍርዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ስማቸው ለምስክርነት የሚጠራው ሰው እንዴት እንደኖሩ፣ ምን እንደሠሩና ምን እንደፈሩ ጠጋ ብዬ ስመለከት ምስክርነቱ እንደሚወራው ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ስለ ነጋድራስ ተሰማ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው ስማቸው የገነነ ሰው እንደነበሩ መጥቀስ ይበቃል። አራዳነት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ፈጣን አፍ፣ ለአዲስ ነገር የማይደነግጥ ልብና በማንም ፊት የማያጎነብስ አንገት፣ በዘር የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ልጅየው ከበቂ በላይ ወርሰዋል ማለት እንችል ነበር። ኋላ በዓለም ትልልቅ ጉባኤዎች ላይ ከእንግሊዙ ሰር ስታንሊ ራውስ ጋር ፊት ለፊት ሲሟገቱ ያያቸው ሰው የማን ልጅ እንደሆኑ ለመገመት የሚቸገር አይመስለኝም።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ኳስን ግን ያሳደገቻቸው አራዳ ናት። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ጓደኞቻቸውን አሰባስበው አንድ ቡድን መሠረቱ፤ ስሙንም በቅዱስ ጊዮርጊስ ሰየሙት። ቀኑን ልብ በሉ። በሰሜን ጦርነቱ ተጀምሯል፤ አምስት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ይገባል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኳስ ቡድን ማቋቋም ለዛሬ ሰው ዕብደት ይመስላል። የ14 ዓመቱ ይድነቃቸው ከዚህ ቡድን ጋር ተቀላቀሉ፤ ለ23 ዓመታትም ከማሊያው አልወጡም።

የወረራው ዘመን ኳስ ለብቻው የሚነገር ነገር ነው። ጣሊያኖቹ ለራሳቸው ሊግ አቋቋሙ፤ አበሻ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ተደረገ። የሀገሬው ቡድኖች እርስ በርሳቸው እንዲጫወቱ ቢፈቀድላቸውም ስማቸው ተቀየረ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር የሚል የፋሺስት ስም ተለጠፈበት። እንግዲህ ይህንን በልጅነታቸው ያዩ ሰው ናቸው ከ20 ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ነጮችን ለብቻ፣ ጥቁሮችን ለብቻ አሰልፌ ልምጣ ስትል አይሆንም ያሉት። አፓርታይድን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ሜዳ ላይ ነው የሚያውቁት።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ሁሉ አዲስ ነበር። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ፤ በዚያው ሰሞን አቶ ይድነቃቸው የመጀመሪያውን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ለማደራጀት ተነሱ። ዕድሜያቸው ገና 22 ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የአዲስ አበባን ገጽታ በደንብ ያሳያል። አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለሐበሻው፣ ፎርቲቱዶ ለጣሊያኑ፣ አራራት ለአርመኑ፣ ኦሎምፒያኮስ ለግሪኩ፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ፒያሳ ያለውን መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው በአንድ ጠዋት ከአርመን ወርቅ ሠሪ፣ ከግሪክ ባለሱቅና ከጣሊያን መካኒክ ጋር ይገናኝ በነበረበት ዘመን፣ ሊጉም ሠፈሩን መሰለ። ዛሬ ስለ ድሮ ኳስ ጥራት የሚያወራ ሰው ይህን ነገር ሲዘል አያለሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጠንካራ የሆነው ከአውሮፓ ልምድ ይዘው ከመጡ ቡድኖች ጋር በየሳምንቱ እየተጋጨ ነው።

አቶ ይድነቃቸው በዚህ ሁሉ ውስጥ ስንት ቦታ እንደነበሩ መቁጠር ያደክማል። ተጫዋች ነበሩ። የጽሕፈት ቤት ሹም ነበሩ። ደንብ ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ፣ ውድድር ያዘጋጃሉ፣ አሠልጣኝም ይሆናሉ። ብሔራዊ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1947 የፈረንሳይ ሶማሌላንድን 5 ለ 0 አሸንፎ ታሪኩን ሲጀምርም በዙሪያው ነበሩ፤ ለአገራቸው 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በየመዝገቡ የሚጠቀስላቸው 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው።

እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል። በአንድ ጨዋታ አንድ ጎል ሊሞላ ምንም አልቀረው። የይድነቃቸው አድናቂ ይህን ሲያነብ አጥቂውን ያያል፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን ከዚያ ማዶ ያሉትን ተከላካዮች ማሰቤ አልቀረም። አንድ ሰው ለ23 ዓመት በየጨዋታው ማለት ይቻላል ካስቆጠረ ይጠብቁት የነበሩት ግንቦች የት ነበሩ? ግንብ ነበር የምንለው የድሮ ተከላካይ እኮ ይድነቃቸው በየሳምንቱ ያልፉት የነበረው ተከላካይ ነው። ይህ የአቶ ይድነቃቸውን ክብር አይቀንስም። የክርክራችንን መሠረት ግን ያነቃንቃል።

በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር መጀመሪያ ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ ካፍ የምንለውን መሠረቱ። አቶ ይድነቃቸው የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ነበሩ። እዚያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊደረግ ነበርና ደቡብ አፍሪካ ድብልቅ ቡድን ማሰለፍ ስላልፈለገች ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ስለነበር ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች፤ በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ያስቆጠረው አንድ ሰው ነው፤ አድ ዲባ። ስለ ድሮ ተከላካያችን ሲነሳ ይህ ጨዋታ የማይታወሰው ለምን እንደሆነ አላውቅም እንዳልል ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው ነገር ሁሉን አስረስቷል።

ያ ነገር ጥር 13 ቀን 1954 ነው። አዲስ አበባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ጃንሆይ ተቀምጠዋል፤ ተጋጣሚያችን ያችው ግብፅ ናት፣ በወቅቱ መጠሪያዋ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ። የአፍሪካ መዝገብ የዚህን ቡድን አሠልጣኝነት በይድነቃቸው ተሰማ ስም ይዞታል። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ አገቡ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ ቢያደርገንም ደቂቃ ሳይቆይ ደገሙን። የአስመራው ልጅ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ሊያበቃ 6 ደቂቃ ሲቀረው እንደገና አቻ አደረገን። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስገቡ። 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልሆነችም።

ይህንን ቀን ለማሳነስ ፍላጎት የለኝም። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መመለስ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያ ዋንጫ ስንት ቡድን የተሳተፈበት ነበር? አራት። ኢትዮጵያ ስንት ጨዋታ አደረገች? ሁለት፤ ቱኒዚያንና ግብፅን፣ ሁለቱንም 4 ለ 2 አሸነፈች። የት? ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለምደነው በኖርነው አየር ውስጥ። ከአፍሪካ አገሮች ብዙዎቹ ገና ነጻ እየወጡ ነበር፤ ጋና ወደ ውድድሩ የመጣችው በሚቀጥለው ጊዜ ነው፤ መጥታም ዋንጫውን ወሰደች። ሻምፒዮኑ ቡድናችን ደግሞ በሁለት ጨዋታ አራት ጎል ገብቶበታል።

ወሬን ትቼ ቁጥር ልቁጠር አልኩ። የቆጠርኩት በአፍሪካ ዋንጫ ከአገራችን ውጪ ያደረግናቸውን ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ከፍታና የራስ ደጋፊ ሚዛኑን ያዛባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1970 ባለው ወርቃማ በምንለው ዘመን በካርቱም፣ በካይሮ፣ በጋና፣ በቱኒዚያና እንደገና በሱዳን 11 ጨዋታ ተጫወትን፤ የገባብን ጎል 37 ነው። በአማካይ በጨዋታ ከ3 በላይ። እ.ኤ.አ. በ1965 ቱኒዚያ 4፣ ሴኔጋል 5 አግብተውብናል። እ.ኤ.አ. በ1970 አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ስታሸንፈን ሎረን ፖኩ ብቻውን 5 አስቆጥሯል። ከዚያ ወዲህስ? እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ፣ በ2013 ደቡብ አፍሪካ፣ በ2022 ካሜሩን በድምሩ 9 ጨዋታ፤ የገባብን 17 ነው። በአማካይ ከ2 በታች። ወንፊት የተባለው ተከላካይ ከግንቡ ያነሰ ነው ያስገባው።

በዚህ አሸነፍኩ ብዬ ልነሳ አልችልም። በመጀመሪያ፣ በዓለም ሁሉ ኳስ ጎል የሚታይበት ጨዋታ መሆኑ እየቀነሰ መጥቷል፤ ስለዚህ የጎሉ ማነስ የእኛ ጉብዝና ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶብናል። ያልሄድንባቸው ውድድሮች በእኔ ቆጠራ ውስጥ የሉም፤ በማጣሪያ የወደቁት ቡድኖች ስንት ያስገቡ እንደነበር ማንም አይቆጥረውም። ደግሞም በዚያኛው ዘመን በውጪ ሜዳ 8 ጎል አግብተናል፤ በዚህኛው 3 ብቻ። በጠቅላላው የአፍሪካ ዋንጫ ታሪካችን ከአገራችን ውጪ ያሸነፍነው አንድ ጨዋታ ነው፤ ጋና ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2። እንግዲህ ተከላካዩ ወርዷል የሚለው አልቆመልኝም። አጥቂው ግን አንሷል። ከሁሉም በላይ ጎረቤቱ አድጓል።

ጎረቤቱን ማን አሳደገው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ተመልሶ ወደ አቶ ይድነቃቸው ያመጣናል።

በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት መሩት። ቀደም ሲል ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አፍሪካ የእንግሊዙን የ1966 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንድትረግጥ ካደረጉት መካከል ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር ተጨማሪ ማጣሪያ ካልተጫወተ በስተቀር ቦታ አልነበረውም። ውጤቱ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አንድ ቀጥተኛ ቦታ፣ በ1982 ሁለት። በደቡብ አፍሪካም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ራውስ አገሪቱን ወደ ፊፋ ለመመለስ ደጋግመው ሞክረዋል፤ አቶ ይድነቃቸው ደጋግመው ዘግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንጅ ራውስን ሲገለብጡ የአፍሪካ ድምፅ ከጀርባቸው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። በካፍ በኩል ደግሞ በሳቸው ዘመን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጀመረ፤ የወጣቶች ሻምፒዮናም ተጀመረ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1985 ቻይና ላይ ከ16 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስትወስድ አቶ ይድነቃቸው ፕሬዚዳንት ነበሩ። በአገር ቤት ንጉሡ ወርደው ደርግ መጥቷል፤ እሳቸው ግን በካፍ ወንበራቸውም በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልነታቸውም ቀጥለዋል። በዚያን ዘመን ይህን ማድረግ የቻለ ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን ጥቂት ነው።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ክርክራቸው ግን በሕይወታቸው መጨረሻ ያነሱት የተጫዋቾች ስደት ነው። አፍሪካ ምርጥ ልጆቿን ለአውሮፓ ክለቦች እየሰጠች ከቀጠለች እንደ ቡናና እንደ ካካዎ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች ብለው አጥብቀው ይሟገቱ ነበር። ልጆቹን አገር ቤት አቆይተን ሊጋችንን እናሳድግ፣ በራሳችን ሜዳ ያደገ ቡድን ይዘን ዓለምን እንግጠም ነበር ሐሳባቸው። ካፍ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ ውጪ የሚጫወቱ ልጆችን እንዳያሰልፍ የሚያግድ ደንብ ነበረው፤ የተነሳው በ1982 ነው። አቶ ይድነቃቸው የደንቡን መንፈስ ያምኑበት ነበር።

አሁን፣ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ይህንን ሐሳብ የሚፈትን አገር ይፈለግ ቢባል ከእኛ የተሻለ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዋንጫውን የወሰደችው ሴኔጋል ቡድን ሁሉም ማለት ይቻላል በአውሮፓ ይጫወት ነበር። በዚያው ውድድር የእኛ ቡድን ከጥቂቶች በቀር ከአገር ቤት ሊግ የተሰበሰበ ነው። ይድነቃቸው የተመኙትን ሳናቅድ አደረግነው፤ ልጆቻችን አልተሰደዱም። ውጤቱስ? በስደት አናመካኝ ብለን በአገር ውስጥ ለሚጫወቱ ብቻ በተዘጋጀው ቻን የተባለ ውድድር እንፈተን። በ2006፣ በ2008 እና በ2015 ዓ.ም. ሄደናል፤ 9 ጨዋታ አድርገን አንድም አላሸነፍንም።

ታዲያ ተሳስተው ነበር? እኔ እንዲያ አልልም። ሐሳባቸው ሁለት እግር ነበረው፤ አንዱ ልጁን አገር ቤት ማቆየት፣ ሌላው የቆየበትን ቤት መሥራት። እኛ አንደኛውን ብቻ ነው የያዝነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን የልጅነት ዘመን ጥንካሬ የሰጡት ነገሮች እንዴት እንደጠፉ እንመልከት። በአንድ ከተማ ውስጥ በየሳምንቱ የሚጋጩት የተለያየ የኳስ ባህል ያላቸው ማኅበረሰቦች ቀስ በቀስ ሄዱ። ለ1954ቱ ቡድን እነ ቫሳሎን የሰጠችው አስመራ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የሌላ አገር ከተማ ናት፤ ስለ ውድቀታችን በሚወራው ሁሉ ውስጥ ይህን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አልሰማሁም። ክለቦች በደርግ ዘመን እንደገና ተበወዙ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ የቅዱሱን ስም አውልቆ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫውቷል።

ከዚያ ሜዳው አለ። የአራዳ ልጅ ኳስ የሚማረው በሠፈር ሜዳ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጃንሜዳ ይወጣል፣ ከዚያ ስታዲየም ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ለወራት በሜዳው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ተሸጠበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ ራሷ ፈረሰች፤ ዶሮ ማነቂያ የለም፣ ሠራተኛ ሠፈር የለም፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትኗል። በቦታው ሰፊ መንገድና የእግረኛ ማረፊያ ተሠርቷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በግርማ ሞገስ ቆሟል። ማማሩን አልክድም። ነገር ግን ውቤ በረሃንና ዶሮ ማነቂያን የመሰለ፣ ልጆች ከደጃፋቸው ወጥተው ካልሲ ኳስ የሚያንከባልሉበት፣ አንዱ ሠፈር ሌላውን የሚገጥምበት ጠባብና ጫጫታ የበዛበት ዓለም እንዲህ ባለ አደባባይ ላይ አይበቅልም። በሰፊው መንገድ ላይ በጣም ጥሩ መሄድ ይቻላል፤ ሠፈር ግን አይደለም።

አንድ ደፋር ነገር ልጨምር። አቶ ይድነቃቸው ራሳቸውም በዚህ ውስጥ ድርሻ ያላቸው ይመስለኛል። በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ለአዲስ አበባ ያደረጉትን፣ ማለትም ደንቡን፣ ውድድሩንና ጽሕፈት ቤቱን፣ ከ50ዎቹ በኋላ ለመላው አፍሪካ አደረጉት። የቀኑ ሰዓት ግን 24 ብቻ ነው። ካይሮና ዙሪክ በወሰዷቸው መጠን አራዳ አጣቻቸው፤ በአራዳም የሚተካቸው አልተዘጋጀም። አንድ ሰው ጽሕፈት ቤትም አሠልጣኝም ተጫዋችም ሲሆን ያስደንቃል፤ ሲሄድ ግን ሦስት ወንበር በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። በሩን የከፈቱት ለአህጉሩ ነው፤ ካሜሩን፣ ናይጄሪያና ሴኔጋል ገቡበት። እኛ ስማቸውን ይዘን ደጃፉ ላይ ቀረን።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት አረፉ። ዕድሜያቸው 66 ሊሞላ ቀናት ቀርተውት ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ኢትዮጵያ በፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። ያንን ምሽት የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። እሳቸው አላዩትም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ካሜሩን በጣሊያን የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ስትደርስም አላዩም።

ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ካፍ ስታዲየሞቻችን ደረጃውን አያሟሉም ብሎ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር እንዲያደርግ ወሰነ። አቶ ይድነቃቸው ከመሠረቱት አንዱ የሆኑበት፣ 15 ዓመት የመሩት ያው ካፍ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅ መጣችብን፤ መጣችብን ስል ሁለታችንም ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ተጉዘን ነው። ሞሐመድ ሳላህ በጉዳት አልነበረም። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ አስቆጠሩ። 2 ለ 0። በ1949 አራት፣ በ1954 ሁለት ያገባችብን ግብፅ በዚያ ቀን አንድም ማግባት አልቻለችም። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን የኢትዮጵያ የሜዳዋ ጨዋታ ተብሎ ነው።